አውራጇ ልጅ

ተወልጄ ያደግሁት በደብረ ብርሃን ሲሆን ለበርካታ ዓመታት የኖርሁት ደግሞ በኖርዌይ ነው። በዚህ አገር እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት ልጆች ሙዚቃና ሥነ ጥበብ የሚማሩበት የባህል ትምህርት ቤት እንዲኖረው እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ሕግ ያስገድዳል፤ የወጣቶች ምክር ቤትም እንዲሁ ግዴታ ነው። ልጄ ለዚህ ምክር ቤት ተመርጣ በተቀመጠችበት የመጀመሪያ ስብሰባ የተነሣው ጉዳይ የሙዚቃ መለማመጃው ክፍል እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ይሁን የሚል ነበር። ልጆቹ የጠየቁትን ሁሉ አላገኙም፤ ነገር ግን ያልተፈቀደበት ምክንያት በጽሑፍ ተነገራቸው። እኔን የነካኝ ይህ በጽሑፍ የመጣው መልስ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር ወደ ሰሜን ሸዋ ሄጄ፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ ልጆች ለአዲስ ዓመት በዓል ሲለማመዱ ተመለከትሁ። ዘፈኑንም፣ ልብሱንም፣ የመድረኩን ቅደም ተከተልም የመረጡት ትልልቆቹ ነበሩ። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ልጅ ከአያቷ የተማረችውን የመንዝ ዜማ ላሰማ ብላ ስትጠይቅ፣ አስተባባሪው ፕሮግራሙ ጸድቋል ብሎ መለሳት። ያለበሷቸውም ከገበያ የተገዛ አብረቅራቂ ጨርቅ ነበር፤ ከበግ ጠጉር ባናና በርኖስ በሚሠራበት አገር ይህን ማየት ያሳዝናል።

የሚያስቆጨኝ ግን ልጆቹ ባህልን የመምራት ልምድ የሌላቸው አለመሆናቸው ነው። በዚያው ሰሞን፣ በቡሄ ዋዜማ፣ የሰፈሩ ልጆች ጅራፋቸውን እያጮሁ ውለው ሲመሽ በራሳቸው ተሰባሰቡ፤ ድምፁ የሚያምረውንና ግጥም የማያልቅበትን አውራጅ አድርገው መረጡ፤ በየደጁም ዱላቸውን መሬት እየመቱ ሆያ ሆዬ አሉ። አውራጁ የቤቱን ባለቤት አይቶ ስንኙን እዚያው ይለውጣል፣ ተቀባዮቹ ያልጣማቸውን ስንኝ ደከም አድርገው በመቀበል ያስጥሉታል፣ ሙልሙሉንና ገንዘቡን በመጨረሻ ተቀምጠው ይካፈላሉ። ማንም አዋቂ አላዘዛቸውም። እዚህ በስደት የማሳድጋት ልጄ ይህን አታውቀውም፤ ለእርሷ ጥበብ ማለት በቅድሚያ የሚመዘገቡበት፣ ክፍያ የሚከፈልበትና ወላጅ በመኪና የሚያደርስበት ነገር ነው፤ ስለዚህ የኖርዌይን አሠራር እንዳለ እንገልብጥ አልልም።

የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ እንዲደመጡ፣ በአንቀጽ 31 ደግሞ በባህልና በኪነ ጥበብ ሕይወት እንዲሳተፉ ይደነግጋል። ኖርዌይም ኢትዮጵያም ይህን ስምምነት የተቀበሉት በ1983 ዓ.ም. ነው። በእኛም አገር የሕፃናት ፓርላማ የሚባል አደረጃጀት አለ፤ የጎደለው ልጆቹ ለመድረክ ብቻ ሳይሆን የሚቀርበውን ለመምረጥም መጠራታቸው ነው። የበዓል ኮሚቴ ሲቋቋም ሰፈሩ የሚያውቃቸውን ሁለት ሦስት አውራጆች፣ ሴቶቹንም ከአበባየሁሽ ጨፋሪዎች መካከል፣ ጠርቶ ዘፈኑንና ልብሱን አብሮ መምረጥ ይቻላል፤ ሐሳባቸውን ካልተቀበሉትም ምክንያቱን መንገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ልምምዱ አብቅቶ ስወጣ ያቺ ልጅ ከአዳራሹ በስተጀርባ፣ በባሕር ዛፎቹ ሥር፣ የአያቷን ዜማ ለጓደኞቿ ስታወርድ ሰማሁ። ሦስቱ ወዲያው ተቀበሏት።