ባርኔጣውን ያወለቀው ሸሪፍ

ፊልሙን ያየሁት አዲስ አበባ ሳለሁ ነው፤ ከጓደኞቼ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተደራርበን፣ ከሰፈር በተከራየነው ዲቪዲ። «ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን» ይባላል፣ «ይህ የሽማግሌ አገር አይደለም» እንደማለት። የኮን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2007 ሠርተውት አራት ኦስካር ወስዷል። እኛ ግን ከዚያ ሁሉ የያዝነው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሽጉር የሚባለውን ገዳይ። ከብት ከመታረዱ በፊት ግንባሩ የሚመታበትን፣ በታመቀ አየር የሚሠራ መሣሪያ ተሸክሞ ሰው ይገድላል። የነዳጅ ማደያውን ሽማግሌ ሳንቲም ወርውሮ «ገምት» ይለዋል፣ ነፍሱን አስይዞ። ለሳምንታት ያንን ስንጫወት ከረምን። ዘውድ ወይስ ጎፈር? የተሸነፈ ማኪያቶ ይከፍላል። ገዳዩን የሚከታተለውን ሸሪፍ፣ የአካባቢውን የፖሊስ አለቃ፣ ስሙን ያስታወሰ ከመሃላችን አልነበረም።

ፊልሙ የተሠራበትን መጽሐፍ ያነበብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እዚሁ ቴክሳስ ነው። ከዳላስ ኤል ፓሶ የጭነት መኪና እነዳለሁ፤ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1980 የሚጀምርባት ቴሬል ካውንቲ ከዚያ መንገድ በስተደቡብ፣ የሜክሲኮ ድንበር ላይ ናት። ያገለገሉ መጻሕፍት ከሚሸጡበት መደብር ገዝቼው፣ ማታ ማታ መኪናዬን አቁሜ ከወንበሩ ጀርባ ባለችው አልጋ ላይ አነበብኩት። ደራሲው ኮርማክ ማካርቲ ለንግግር ትእምርተ ጥቅስ አይጠቀምም፤ ማን እንደተናገረ ለመለየት ጆሮን ማቅናት ይጠይቃል።

ሞስ የሚባል ከቬትናም ጦርነት የተመለሰ በያጅ አደን ወጥቶ ዕፅ አዘዋዋሪዎች የተላለቁበት ቦታ ይደርስና ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያለበት ቦርሳ ይዞ ይሄዳል። ሽጉር ያሳድደዋል። ሸሪፍ ቤል ሁለቱንም ይከተላል፤ የሚደርሰው ግን ሁልጊዜ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ይህን ከፊልሙ አውቀዋለሁ። ያላወቅሁት መጽሐፉ የቤል መሆኑን ነው። ምዕራፍ በተከፈተ ቁጥር እሱ ያወራል፤ ስለ ሚስቱ፣ በሞት ስላጣት ልጁ፣ እያረጀ ስለማይገባው ዘመን። ፊልሙ ከዚህ የወሰደው የመጀመሪያውን ወሬና የመጨረሻውን ሕልም፣ ከመሃልም ጥቂት ነው። ቤል የሞስን አባት ሄዶ ማነጋገሩም ፊልሙ ውስጥ የለም። እኔ ግን እዚያ ገጽ ላይ ብዙ ቆየሁ። ልጁ የሞተበት አባትና ያንን ልጅ ማዳን ያልቻለ ሕግ አስከባሪ ተቀምጠው ስለ ቬትናም ያወራሉ።

የሞስ ሚስት መጨረሻም ይለያል። በፊልሙ ሳንቲሙን አልገምትም ትላለች። በመጽሐፉ ገምታ ትሸነፋለች። እዚያ ስደርስ ያ ማኪያቶ ትዝ አለኝና መጽሐፉን ዘጋሁት።

ፊልሙን ግን አልበድለውም፤ አንድ ትልቅ ነገር ሠርቷል። ባሏ መሞቱን ያላወቀችው ሴት ሞቴሉ ደጃፍ ስትደርስ ቤል ምንም አይላትም። ባርኔጣውን ያወልቃል። በቃ፣ መርዶው ያ ነው። እኛ አገር መርዶ የብዙ ሰው ሥራ ነው፤ ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ማን እንደሚናገር ተማክሮ፣ ገና ሳይነጋ በር ይንኳኳል። ዳላስም ብንሆን አልተውነውም። ብቻዋን ናት ወይ፣ ሥራ የምትገባው ስንት ሰዓት ነው፣ ልጆቹን ማን ይይዛል እየተባባልን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሰው ደጅ ቆመን እናውቃለን። አሁን አሁን ግን ስልኩ ይቀድመናል። አንዲት የማኅበራችን እህት የወንድሟን መሞት ያወቀችው አገር ቤት ተቀርጾ ከተለቀቀ ቪዲዮ ነው፤ እኛ ስንደርስ ደጋግማ አይታው ነበር። ያንን የላኩ ሰዎች፣ እዚህም እዚያም ያሉ፣ እኛ ያኔ ሽጉርን ባየንበት ዓይን ነው ያዩት። ይህ ያንገበግበኛል።

ቤል ሌላም የደበቀው ነገር አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጓዶቹ ጋር ተከቦ፣ ሲመሽ ትቷቸው ሸሽቷል። ለዚያ ውጊያ ሜዳሊያ ሰጡት። ከ30 ዓመት በላይ አፍኖ ይዞት፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ላለ ሽማግሌ አጎቱ ይናዘዛል። ፊልሙ ይህን ጨርሶ ትቶታል።

የእናቴ ወንድም ወታደር ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን በእግሩ መጣ። ሽማግሌ የሚከበርበት አገር ነው እንላለን፤ ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ከፍ ያለው ቦታ ይሰጠዋል፣ ምን አይተህ መጣህ ያለው ግን የለም። እኔም አላልኩም። አሁን ዓይኑ ደክሟል። ዱሮ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲያነብ ሥራ ያስፈታው እንደነበር ስለማውቅ፣ እሑድ እሑድ እየደወልኩ ይህን መጽሐፍ በአማርኛ እየመለስኩ አነብለት ጀመር። ስለ ከብቱ መሣሪያ ሳነብ «እሱን እለፈው» አለኝ፤ አለፍኩት።

ኑዛዜው ላይ ስደርስ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ጋሼ፣ አሉ?» አልኩ።

«አለሁ። ከመሸበት ጀምረህ ድገመው።»

ደገምኩለት።