ግልጽ ደብዳቤ ለ«ተይዟል»

ይድረስ ለክቡር «ተይዟል»፣
ባለህበት፤ ማለትም ከግቢያችን ጓሮ ባለችው ሰርቪስ ክፍል።

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ያንተን ናፍቆት ግን አናውቀውም፤ የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ቀድመህ የምትወጣው አንተ ነህ።

እኔ እዚሁ ጎንደር፣ ከቁስቋም ግርጌ የምኖር ተከራይ ነኝ። ጓሮ ያለችው ክፍል ባዶዋን ከቀረች ሰባት ወር ሆናት። በሩ ላይ «የሚከራይ ቤት አለ» የሚል ካርቶን ተሰቅሏል። ዝናብ መትቶት አሁን የሚነበበው «አለ» የሚለው ብቻ ነው። ባለፈው ወር ደላላው አንዲት ሱዳናዊት ይዞ መጣ። ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም ከፈነዳ በኋላ በመተማ በኩል ከገቡት አንዷ ናት። ሁለት ልጆች፣ አንድ ሻንጣ፣ በእጇ ደግሞ የሦስት ወር ክራይ። አከራያችን ልጆቹን አዩ። አለባበሷን አዩ። ሻንጣውን አዩ። ከዚያ አንተን ጠሩህ።

«ውይ የኔ እናት፣ ተይዟል።»

በማን? ባንተ ነዋ! ሰባት ወር ሙሉ ክራይ የማትከፍል፣ የውሃና የመብራት የማታዋጣ፣ ማታ አምሽተህ ብትገባ የማትቆጣ ተከራይ። እኔ ሁለት ቀን ካሳለፍኩ በሬ ይንኳኳል። ምን አስነክተሃቸው ነው?

አከራያችንን ክፉ ናቸው አላልኩም። እንዲያውም ጸሎተኛ ናቸው። ጾመ ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ እሳቸው ግን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 አንድ ቀን አያስታጉሉም። እመቤታችን ከሄሮድስ ሸሽታ ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷ ሲነሳ እንባቸው ይቀድማቸዋል። ኅዳር 6 ደግሞ የቁስቋም በዓል ነው፤ የሰፈሩ ሰው በነጭ ይወጣል። እቴጌ ምንትዋብ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩበት ቁስቋም የሚለው ስም እኮ ያቺ ስደተኛ እናት ግብፅ ውስጥ ያረፈችበት ቦታ ስም ነው። ይህን ሁሉ ሰፈር ትተህ እዚህ መስፈርህ፣ ድፍረትህን አደንቃለሁ።

ደግሞ ያ የመተማ መንገድ። በደርግ ጊዜ በዚያው መንገድ ወደ ሱዳን የሸሸው የጎንደር ሰው ስንት ነው? ነፍሳቸውን ይማርና የአከራያችን ባለቤት አንዱ ነበሩ። በእግራቸው ተሻግረው ገዳሪፍ ገቡ። አንድ የማያውቁት ቤተሰብ ጓሮውን ሰጣቸው፣ ከኪስራውም፣ ከሱዳኖቹ እንጀራ፣ አካፈላቸው። ቡና በተፈላ ቁጥር ይህ ታሪክ ይነሳል። «ሱዳን ደግ ሕዝብ ነው!» ይላሉ አከራያችን፣ ሁለተኛውን እየቀዱ። ጀበናው የሚጣደው እዚያችው ባዶ ክፍል ደጃፍ ላይ ነው። አንተም ውስጥ ሆነህ ትሰማለህ።

ካንተ በፊት እዚህ አገር ሌላ ቃል ነበር። የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ ከውስጥ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ» ይባል ነበር። አሁን እግዜርንም አስለቅቀህ ገብተሃል።

ለሃይማኖትም አታዳላም። ደላላው እናቲቱን ከእኛ በር ወደ አዲስ ዓለም ወሰዳት፤ እስላሞቹ ሰፈር ይሻላል ብሎ። እዚያም ቀድመሃቸው ደርሰሃል። እስቲ አስበው፤ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው ሲመጡ ነጃሺ ካንተ ጋር ቢተዋወቅ ኖሮ! «አክሱም ተይዟል» ብሎ ይሸኛቸው ነበር። እሱ ግን የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ተሸክመው መጥተው አሳልፈህ ስጠን ቢሉት እንኳ እምቢ አለ።

አከራያችን በኋላ ጥቂት ሳይከነክናቸው አልቀረም። «ጊዜው ክፉ ነው፣ ሰው አይታመንም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጊዜው ክፉ ነው። እሷንም ከቤቷ ያስወጣት እሱ ነው።

እኔስ? ያን ቀን ቧንቧው ጋ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ክፍሏ ባዶ እንደሆነች አውቃለሁ። ሴትዮዋ ዞር ብላ አየችኝ። አንድ ካልሲ እንደዚያ አሽቼ አላውቅም።

ትናንት ደላላው ደወለልኝ። «አንተ ሁለት ክፍል አይደል የያዝከው? አንዷን ለእናትና ለልጆቹ ለአንድ ወር ብትለቅላቸው? ክራዩን ይጋሩሃል» አለኝ። አፌን ስከፍት የወጣኸው አንተ ነህ። ከጓሮ ወደ እኔ ቤት መቼ እንደዞርክ አላየሁህም።

አክባሪህ፣
እስከ ትናንት ጎረቤትህ፣ ከትናንት ወዲህ ደባልህ