መብራት ሲሄድ

ሰኔ 22 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው፤ ዓርብ ማታ። በፈረንጆቹ ጁን 29 ቀን 2012። የዚያን ዕለት ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። እኔ ያኔ የምኖረው ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ነፋሱ መጣ።

ዴሬቾ ይሉታል። ከነጎድጓድ ዝናብ ጋር ሆኖ ረጅም ርቀት የሚምዘገዘግ ነፋስ ነው። ከአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ተነስቶ እስከ አትላንቲክ ዳርቻ ሲጓዝ ከ4 ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን መብራት አሳጥቷል። ዛፉን ከነሥሩ እየነቀለ ሽቦው ላይ ይጥለዋል። በማግስቱ በሰሜን ቨርጂኒያ የአደጋ ጊዜ ስልኩ 911 እንኳ ለብዙ ሰው አይሠራም ነበር። የእኛ ሕንጻ ለአምስት ቀን ጨለመ።

እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ፍሪዘሬ ነው። ጾመ ሐዋርያት ሊፈታ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ለፍስኩ ብዬ ያስቀመጥኩት ዶሮና ከአገር ቤት የተላከልኝ ቅቤ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ጠዋት መኪና ውስጥ ገብቼ ስልኬን ቻርጅ እያደረግሁ ወደ መብራት ድርጅቱ ደወልኩ። የተቀዳ ድምፅ አንድን ተጫን፣ ሁለትን ተጫን ይላል። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ሰው ሲገኝ ጮህኩበት። ልጁ ዛፉን አልጣለም፣ ሽቦውንም አልበጠሰም። ስልኩን ስዘጋ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያንን ልጅ ዛሬም ባገኘው ይቅርታ ብጠይቀው ደስ ይለኛል።

ከጎኔ ባለው አፓርታማ ሰባዎቹን ያለፉ አንዲት አሜሪካዊት ይኖሩ ነበር። ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸው። እጃቸው ላይ ትንሽ ደብተር አለች። የደወሉበት ሰዓት፣ ያነጋገራቸው ሠራተኛ ስም፣ የተሰጣቸው የአቤቱታ ቁጥር ሁሉም ተጽፏል። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይደውላሉ። ድምፃቸው ከፍ አይልም። ትናንት የተነገራቸውን ከደብተሩ ላይ ያነብቡና ዛሬ ምን አዲስ ነገር እንዳለ ይጠይቃሉ። መልሱን ይጽፋሉ። ከዚያ በረንዳቸው ላይ ወጥተው መጽሐፋቸውን ያነባሉ። እስከ ማግስቱ ሦስት ሰዓት ድረስ የመብራት ነገር ከአፋቸው አይወጣም።

ያን ጊዜ የታየኝ የሴትየዋ ትዕግስት ብቻ ነው። የደብተሩ ነገር የገባኝ ቆይቶ ነው።

በሕንጻው ውስጥ ሦስት የሐበሻ ቤተሰብ ነበርን። ሁለት ዓመት ሙሉ ሊፍት ውስጥ ሰላም ከመባባል አልፈን አናውቅም። ሁላችንም ሁለት ሥራ ነበረን፤ ማን ጊዜ አለው? በሁለተኛው ቀን አንዷ እናት ጓሮ ካለው የከሰል መጥበሻ ላይ ጀበናዋን ጣደች። ቤት ውስጥ ከሙቀቱ የተነሳ መቀመጥ አይቻልም። ሁላችንም ወጣን። የሚበላሸውን ምስር ወጥ ሁሉም አወጣ። ልጆቹ በጨለማ ድብብቆሽ ተጫወቱ። ጸጉረ ልውጥ የነበርን ሰዎች በአምስት ቀን ውስጥ ቤተሰብ ሆንን። ዶሮዬና ቅቤዬ ተበላሽተው ተጣሉ፤ ሳስበው ግን ያ ሳምንት አሜሪካ ከኖርኩባቸው ሳምንታት ሁሉ ደስ ያለኝ ነው።

እኛ መብራት «ሄደ» እንላለን። ሲመለስ ደግሞ «መጣ»። እንደ ዘመድ ነው የምናወራለት። ሲመጣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በአንድ ድምፅ ይጮሃል። ይህን ጩኸት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ የሚሰማው ይመስለኛል። የሚሄድ ነገር እንደሚሄድ ስለምናውቅ ሻማው የት እንዳለ እናውቃለን፣ ከሰሉም አለ። ውጭ አገር ግን ሁሉ ነገር በደቂቃ የተቆጠረ ነው። አውቶቡሱ በዚህ ደቂቃ፣ ዕቃው በዚህ ሰዓት። አንዱ ሲዛነፍ ቀኑ በሙሉ ይናዳል። መኪናዬ ካልተነሳ ጠዋት ላለው ሥራ እዘገያለሁ፣ ከዚያ ለማታው። የቤት ኪራይ ደግሞ አይዘገይም። ስለዚህ እዚህ ያለ ወገኔ በትንሽ ነገር ሲበሳጭ ሳይ አልፈርድበትም። ጠባዩ ስለከፋ አይደለም። ብቻውን ስለቆመ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ የሆነበት ጊዜ ነው። አክስቴ ሽሮ ሜዳ ነው የምትኖረው። አንድ ቀን ልትጋግር ተነሳች። ሦስተኛውን እንጀራ ምጣዱ ላይ አዙራ አክንባሎውን እንደከደነች መብራት ሄደ። እኔ «ወይኔ!» አልኩ። እሷ አክንባሎውን ከፍታ አየችው፤ አልበሰለም። «ይሁን» አለች። በሩ ላይ ወጥታ ከመንገዱ ማዶ ወዳለችው ጎረቤቷ ተጣራች። «የናንተ ፌዝ አለ እንዴ?» «አለ፣ ይዘሽው ነይ!» የሊጡን ባልዲ አንዱን ጎን እኔ አንዱን እሷ ይዘን ተሻገርን። ቡና ተፈላ። እንጀራው ሲያልቅ ግማሹ ለጎረቤቷ ቀረ። አክስቴ ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።

ግን በዚያው ሰፈር ያላየሁት አይምሰላችሁ። ጥጉ ላይ አንዲት የእንጨት ምሰሶ ዘመም ብላ ቆማለች። ፈረቃ ባይኖርም ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የሦስት አራት ቤት መብራት በእሷ ምክንያት ይሄዳል። ከዘመመች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ልጆች ከሥሯ ይጫወታሉ። ለምን አታመለክቱም ስላቸው «ምን ይደረግ ብለህ ነው» አሉኝ። ይህን ትዕግስት ልለው አልችልም። ሆድ ይፍጀው ነው። ሆድ ይፍጀው ደግሞ ውስጥ ይቀመጥና ሰውን ይበላል፤ ወይም አንድ ቀን ታክሲ ሰልፍ ላይ በማያገባው ሰው ላይ ይፈነዳል።

ያኔ ነው የሴትየዋ ደብተር ትዝ ያለኝ። እሳቸው ይሁን ብለው አልተዉትም፣ አልጮሁምም። ብስጭታቸውን ወረቀቱ ላይ አስቀምጠውት ነው ቀኑን በሰላም የሚውሉት። ለአክስቴ ነገርኳት። በዝምታ ሰማችኝ። ከሱቅ የሃምሳ ገጽ ደብተር ገዝቼላት ተመለስኩ።

መብራት የሄደበትን ቀንና ሰዓት መጻፍ ጀመረች። ጎረቤቶቿም እየመጡ ያስጽፏታል። ክረምቱ ሲወጣ አራት ሆነው ደብተሩን ይዘው ወደ መብራት ኃይል ቢሮ ሄዱ። መጀመሪያ ነገ ኑ ተባሉ፤ ይህንንም ጻፈችው። በሦስተኛው ጊዜ የተቀበላቸው ሠራተኛ ገጾቹን አንድ በአንድ ገልጦ አየ። ከጥምቀት በኋላ የሲሚንቶ ምሰሶ መጥቶ ተተከለ።

የዚያን ቀን ማታ ደወለችልኝ። ድምጿ ውስጥ ደስታ አለ። ቡና አፍልተው ለሠራተኞቹ እንዳጠጧቸው ነገረችኝ።

«ታዲያ አሁን አይሄድም?» አልኳት።

«ኧረ አሁንም ሄዷል፤ በሻማ ነው የማወራህ» አለች። «ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ። ጽፌዋለሁ።»