ለሣር ማን ይሟገታል?

የምኖርበት ኢሊኖይ «የፕሬሪ ግዛት» ይባላል። ፕሬሪ ማለት ማንም ሳይዘራው የበቀለ የሣርና የአበባ ሜዳ ነው። ስሙ ቀረ እንጂ ሜዳው የለም፤ በቆሎና አኩሪ አተር ሆኗል። ከ9 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ሳይነካ የቀረው 1,000 ሄክታር አካባቢ ቢሆን ነው።

እሱም የተረፈው በብዛት በባቡር ሐዲድ ዳርና በድሮ ሰፋሪዎች መካነ መቃብር ውስጥ ነው። መቃብር ማን ያርሳል! እኛም ጋ ያው ነው። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ግቢ ጽዶች ያየ ይገባዋል። ደቡብ ጎንደር ውስጥ በማሳ መሀል ጥቅጥቅ ያለ ደን ካያችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው።

ዛፉስ ታቦት አለው። ሣሩስ?

እዚሁ ኢሊኖይ፣ ሮክፎርድ አውሮፕላን ማረፊያ ግቢ ውስጥ ቤል ቦል የሚባል ትንሽ ፕሬሪ ነበር። ለካርጎ ማስፋፊያ መንገድ ሊወጣበት ሲል፣ በፈረንጆቹ 2021 ጀርባዋ ላይ ዝገት የመሰለ ምልክት ያላት፣ ልትጠፋ የተቃረበች የዱር ንብ እዚያው ተገኘች። ሥራው ቆመ። ሰው ተቃውሞ ወጣ፣ አንድ የጥበቃ ተቋም ክስ መሠረተ። በመጋቢት 2023 ግን ዶዘር ገባበት።

ተሸነፉ፣ አዎ። ግን ለሣር ፍርድ ቤት የቆመ ሰው ነበር። የፎገራ ጨፌ በሩዝ ሲያዝ ማን ጮኸ? ገበሬውን አልወቅስም፤ ሩዙ ልጆቹን አብልቶለታል። የፎገራ ከብት ግን መስኩን ተቀምቶ ገለባ ላይ ወደቀ። «ሣር ነው፣ ይበቅላል» እንላለን። የፕሬሪ ሣር ሥሩ አራት ሜትር ድረስ ይወርዳል፤ አንዴ ከተገለበጠ በኋላ ዘሩን ቢበትኑበትም የድሮው አይሆንም።

ባለፈው ጎንደር አክስቴ ቤት ቡና ሲፈላ የተጎዘጎዘው የፕላስቲክ ቄጤማ ነበር። ሲኒው ሥር ያብለጨልጫል። «ይታጠባል እኮ ልጄ፣ ደግሞም አይደርቅም» አሉኝ። ምን እላለሁ? እውነታቸውን ነው።

ለሣር ዳኛ መሾም እኮ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። መንዝ ጓሳ ላይ ሕዝቡ አባ ቄራ የሚባል የሣር ጠባቂ አለቃ መርጦ፣ ሣሩን ለተወሰኑ ዓመታት እየዘጋ፣ ጊዜው ሲደርስ በሥርዓት እያጨደ ለዘመናት አኑሮታል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ላላ፤ በኋላ ግን ያካባቢው ሰው ጥበቃውን መልሶ አቋቋመው። የፎገራ ሽማግሌዎችና የወረዳ ሹማምንት ልምድ እንቅሰም ካሉ፣ መንዝ ለመሄድ ቪዛ አይጠየቁም።