ጓንት አላደረገም ተብሎ ካሳ ይቀራል?

አዳማ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አካባቢ፣ ቡና ላይ የተነሳ ክርክር ነው። ሐዲድ ጥገና ላይ የነበረ አንድ ልጅ ብረት ወድቆበት ሁለት ጣቱን አጥቷል።

ካቦው ጀመሩ። «ጓንት አድርግ ተብሏል፤ አላደረገም። በራሱ ጥፋት ምን ካሳ ይጠይቃል?»

ሕግ የተማረችው ልጅ አላስጨረሰቻቸውም። «ጋሼ፣ ሕጉ ማን አጠፋ ብሎ አይጀምርም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው።»

«መመሪያ የጣሰስ?»

«እሱን አልክድም። በግልጽ የተሰጠ የደኅንነት መመሪያ የጣሰ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ የገባ፣ ሆን ብሎ ራሱን እንደጎዳ ይቆጠራል። ግን ጓንቱ ተሰጥቶት ነበር? ማቅረብ እኮ የአሠሪው ግዴታ ነው።»

ካቦው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ እውነቱን አወጡት። ጓንት አልበቃ ብሎ አንዱን ጥንድ ለሁለት ተካፍለውታል። አንዱ የቀኙን፣ ሌላው የግራውን አጥልቆ ነበር የሚሠሩት። ልጁ የተመታው ባዶ እጁን ነው።

«አሜሪካ ቢሆን ሀብታም ይሆን ነበር» አለ ሌላው።

እሷ በዚህም አልተስማማችም። እዚያ የባቡር ሠራተኛ የሚዳኘው እ.ኤ.አ. በ1908 በወጣ የራሱ ሕግ ነው። የድርጅቱን ቸልተኝነት፣ ትንሽም ብትሆን፣ ማስረዳት አለበት። የራሱ ጥፋት ካለበትም በዚያው ልክ ይቀነስበታል። ካስረዳ ግን ለደረሰበት ሥቃይ ጭምር ይካሳል። እኛ ጋ ጥፋት ማስረዳት የለበትም፤ ክፍያው ግን በደመወዙ ልክ ነው። ሥራ መሥራት ላልቻለበት ጊዜ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ያገኛል።

እኔ ከልጅቷ ጋር ነኝ። ጥፋተኛ ሳይፈለግ መካስ ትክክል ነው። ግማሽ ደመወዙ ግን ያንገበግበኛል፤ የቤት ኪራይ በሰባተኛው ወር በግማሽ አይቀንስም። ልጁም አደጋው በጽሑፍ መመዝገቡን ያረጋግጥ፣ የሕክምና ማስረጃውን ይያዝ፣ ለጥቂት ብር ብሎ «ጨርሻለሁ» የሚል ወረቀት ላይ እንዳይፈርም። ካቦውም የጓንቱን ነገር ለእኛ የነገሩንን ያህል ለዳኛው ቀርበው መናገር አለባቸው።