ዳሽቦርድ ውስጥ የቀረው ኪኒን

ባለፈው ሳምንት የጓደኛዬ ታክሲ ውስጥ ጋቢና ተቀምጬ ሶፍት ስፈልግ ዳሽቦርዱን ከፈትኩት። የቲቢ መድኃኒቱ እዚያ ነበር። እሽጉ እንኳን አልተነካም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ተወው ባክህ፣ አሁን እኮ ደህና ነኝ» አለኝ።

ካቆመ አምስት ሳምንት አልፎታል። ከጤና ጣቢያው ሲደወልለት «ክፍለ ሀገር ነኝ» ይላል።

ንድድ አልኩ። እስካሁንም አልበረደልኝም።

ሳሉ ሲጀምረው «ብርድ ነው» ብሎ ነበር። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ ያልሞከረው የለም። ሱሪው ከወገቡ እየወረደ፣ ሌሊት አንሶላው በላብ እየራሰ ከወር በላይ ቆየ። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው አክታ መመርመር ያስፈልጋል። እሱ ግን የተመረመረው ሚስቱ አልቅሳ ለምናው ነው። ቲቢ ተገኘበት። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ስለሚሰጥ ለኪኒኑ አንድ ብር አላወጣም።

ሕክምናው 6 ወር ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት በአንድ ላይ ይወሰዳል። በቀሪዎቹ 4 ወራት ሁለቱ፣ ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ፣ ይቀጥላሉ። ሁለቱን ወር ጓደኛዬ ጀግና ነበር። በየጠዋቱ በባዶ ሆዱ ይውጣል። ሽንቱ ብርቱካናማ ሲሆን ደንግጦ ደወለልኝ። ሪፋምፒሲን እንደዚያ እንደሚያደርግ ነርሷ ነግራው ተረጋጋ። መገጣጠሚያውን ሲቆረጥመውም ቻለው። ከዚያ ሳሉ ጠፋ፣ ጉንጩ ሞላ። ነገሩ የተበላሸው ያኔ ነው።

የቲቢ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። በፍጥነት የሚራባው ባክቴሪያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚሞት ሰውየው ቶሎ ይሻለዋል። ዝግ ብሎ ያደፈጠው ግን ሳንባው ውስጥ ይቆያል። ቀሪው አራት ወር የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። መሃል ላይ ሲቋረጥ የተረፈው መልሶ ይነሳል። አንድ ቀን እየዋጡ አንድ ቀን እየዘለሉ ሲሄዱ ደግሞ መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሌላ መከራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንኳን ሕክምናው ከዓመት ተኩል በላይ ይፈጅ ነበር፣ ለወራት ከሚወጋ መርፌ ጋር። በመርፌው ምክንያት ጆሯቸው መስማት ያቆመ ሰዎች አሉ። ዛሬ አጠር ያለ፣ በአፍ የሚዋጥ ሕክምና መጥቷል። ቢሆንም ማንም ወዶ አይገባበትም።

ደግሞ ሥራውን አስቡት። ቀኑን ሙሉ ሰው ጭኖ ይዞራል። አንዱ መስኮት ሲከፍት ሌላው «ብርድ መታኝ» ብሎ ይዘጋዋል። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ማስተላለፉን ያቆማል። ስለዚህ ቲቢ የያዘውን ሰው አልሸሽም፤ አብሬው እበላለሁ፣ ጋቢናው ውስጥም እቀመጣለሁ። የሚያስፈራኝ ዳሽቦርድ ውስጥ የቀረው ኪኒን ነው። ቤት የሦስት ዓመት ልጅ አለችው።

ምክንያቱን አውቃለሁ። ረዳቱ ኪኒኑን አይቶ ለተራው ሁሉ እንዳያወራበት ይፈራል። ቲቢ ስሙ ብቻ ሰው ያርቃል፣ ይሄ እውነት ነው። ማታ ቢራ ሲጋበዝም «መድኃኒት ላይ ነኝ» ማለት ከበደው። ሁለቱ ተደርበው ጉበት እንደሚጎዱ ተነግሮታል። ኪኒኑን ተወ፣ ቢራውን ያዘ። ይሄን ሲነግረኝ አዘንኩለትም፣ ተናደድኩበትም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እሱ እኮ ዘግይቶም ቢሆን ተናገረ፣ መድኃኒቱንም አገኘ። ታዲያ እኛ የት ነበርን? እኛ አገር የታመመ ሰው መጠየቅ እናውቅበታለን። አልጋ ላይ ሳለ ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ ብርቱካን የያዘ፣ ሙዝ የያዘ። ቀና ሲል ግን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፈሃል» ብለን ተበተንን። ኪኒንህን ጨረስክ ወይ ያለው የለም። እኔም አላልኩም። መድኃኒቱን ሲውጥ የምታየው ሚስቱ ብቻ ነበረች። እሷ ደግሞ በአንድ እጇ ልጅ፣ በአንድ እጇ የጉሊት ሥራ ይዛ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ከቤት የሚወጣ ሰው ምን ያህል ልትከታተል ትችላለች? አብረነው ያደግን ሰዎች ይሄን ተራ ልንካፈላት ይገባ ነበር። ጥየቃው ሰውየው ከአልጋ የተነሳ ቀን ማለቅ የለበትም። 6 ወር ከተባለ 6 ወር ነው።

ሰኞ ጠዋት በ2 ሰዓት ጤና ጣቢያው በር ላይ እንገናኝ ብዬዋለሁ። ያን እሽግ አውጥቶ በራሱ ፈቃድ እንዳይጀምር ለምኜዋለሁ። አክታው እንደገና መታየት አለበት፣ ቀጥሎ የሚወስደውንም ባለሙያ ነው የሚወስነው።

«አኮረፍክ እንዴ?» አለኝ ስወርድ።

አዎ፣ አኩርፌያለሁ። ሰኞ ካልመጣ ማክሰኞ ተራው ድረስ ሄጄ ጋቢና እገባለሁ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ካላቆመ አልወርድም።