ቤት ያጣነው መሬት ጠፍቶ አይደለም

ቶሮንቶ ውስጥ አንድ ቤዝመንት (ከቤት ሥር ያለ ክፍል) ለሦስት ለአራት የሚከራዩ ልጆች አሉን። ደመወዛቸው ገና ሳይገባ ለኪራይ ያልቃል። ስለዚህ «ሜዳው ይለቀቅና ቤት ይሠራበት» ሲባል ብዙዎቻችን እሰየው ማለታችን አይገርምም። እኔን ግን የግሪንቤልቱ ጉዳይ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ግሪንቤልት ቶሮንቶንና አካባቢዋን የከበበ የእርሻ፣ የደንና የረግረግ መሬት ነው። ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሕግ የተከለለ ነው። በኖቬምበር 2022 ቶሮንቶ የምትገኝበት የካናዳ ክፍለ ሀገር የኦንታሪዮ መሪ የዳግ ፎርድ መንግሥት 7,400 ኤከር ቆርሼ ቢያንስ 50,000 ቤት አስገነባበታለሁ ብሎ ተነሳ። በምትኩ ሌላ ቦታ 9,400 ኤከር እንደሚጨምር ቃል ገባ። ምክንያቱ የቤት እጥረት ነው ተባለ።

የዋና ኦዲተሯ ሪፖርት በኦገስት 2023 ሲወጣ ጉዱ ታየ። በአንድ የእራት ግብዣ ላይ ሁለት ትልልቅ የቤት አልሚዎች ስለሚፈልጉት መሬት የተዘጋጀ ሰነድ ለቤቶች ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሰጥተው ነበር። በመጨረሻ ከተለቀቀው መሬት 92 በመቶ ያህሉ በእነዚሁ አልሚዎች በኩል የመጡ አምስት ቦታዎች ሆነው ተገኙ። የመሬቱ ዋጋ ከ8.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊጨምር ይችል ነበር። ቤዝመንት ባሉት ልጆች ስም እኮ ነው የተነገደው!

ሚኒስትሩ ለቀቁ። ፎርድም በሴፕቴምበር ይቅርታ ጠይቀው ውሳኔውን ሻሩ።

የሚያናድደው፣ መንግሥት ራሱ ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን የችግሩ ምንጭ የመሬት እጥረት እንዳልሆነ ቀደም ብሎ ነግሮት ነበር። ሜዳ ላይ ቤት ሲሠራ ውሃው፣ ፍሳሹ፣ መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ከዜሮ ይጀመራል። መኪና የሌለው አዲስ መጪ እዚያ ምን ይሠራል?

ዳንፎርዝን ተመልከቱ። የሐበሻ ምግብ ቤቶቻችን ያሉበት የቶሮንቶ መንገድ ነው። ከአጠገቡ በመሬት ሥር ባቡር ይሄዳል፤ ውሃውም ፍሳሹም ተዘርግቷል። ወደ ውስጥ ገባ ስትሉ ግን መንደሩ በአብዛኛው ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች ነው። ከተማዋ በሜይ 2023 በአንድ ቦታ ላይ እስከ አራት ቤት መሥራትን ፈቀደች። ይህ በመላው ኦንታሪዮ ይፈቀድ ሲባሉ ግን ፎርድ በ2024 አሻፈረኝ አሉ። የእርሻ መሬት ለመክፈት ያልከበዳቸው ሰው ሰፈር ውስጥ አራት ቤት መፍቀድ ከበዳቸው።

በየሰፈሩ ስብሰባ ሲጠራ አዳራሹን የሚሞላው ባለቤቱ ነው፤ ተከራዩ ሥራ ላይ ነው። መሄድ ካልቻላችሁ ለከተማው ምክር ቤት ተወካያችሁ ጻፉ። የት እንደምትኖሩ፣ ስንት እንደምትከፍሉ ንገሯቸው። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ቤት ይሠራልን በሏቸው።